የሰውነት ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን

ሰው ወፍሯል ወይም ከስቷል ብለን የምንፈርደው አብዛኛውን ጊዜ በዐይናችን ነው። ብዙ ጊዜ ሳናየው የቆየነውን ዘመድ ስናገኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ምነው ከሳህ?» ወይም «ተመችቶሃል፥ ወፍረሃል» የሚል ነው። በአገራችን መክሳት የችግር፥ መወፈር የድሎት ምልክት ሆኖ ስለሚቆጠር ይህ የፍቅር አነጋገር ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ዐይን ይሳሳታል። ይልቁንም አብሮን የሚኖረው ሰው ሲከሳ ለማየት ዐይናችን ደካማ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚጎድል ነገር አጠገቡ ላለ ሰው አይታወቅምና።

አንዲት እናት የዐሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ልጅቷ ባንድ ዓመት ውስጥ ተመዛለች፤ እጅና እግሯ ረዝሟል፥ ጉንጯ ጎድሏል። እናቲቱ ተጨንቃለች።

«እኅቴ፥ ይችን ልጅ እይልኝ። የምትበላው የት እንደሚገባ እንጃ፤ እንጨት ሆነችብኝ» ትላለች።

የጤና ሠራተኛዋም ልጅቷን መዝና ከጨረሰች በኋላ፥ «እትዬ፥ እስቲ እርስዎም ይውጡበት» ትላታለች።

«ኧረ እኔ ምን ሆኜ! ልጅቷን ነው እንጂ፥ እኔስ ደኅና ነኝ።»

ያም ሆኖ እናቲቱ ተመዘነች፥ ቁመቷም ተለካ። ሒሳቡ ሲሠራ ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ፤ ልጅቷ ለዕድሜዋ ደኅና ናት፥ የከሳችው እናቲቱ ናት። ይህ እንዴት ሊታወቅ እንደቻለ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

ንጽጽሩ እንዴት ይሠራል?

ክብደት ብቻውን ስለ ሰው ጤና ብዙ አይናገርም። ሁለት ሰዎች በሚዛን ላይ ወጥተው ሁለቱም 55 ኪሎ ቢመዝኑ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። አንደኛዋ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር ሴት፥ ሁለተኛው ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ረዥም ጎልማሳ ቢሆን፥ ለሴትዮዋ 55 ኪሎ በቂዋ ነው፤ ለሰውዬው ግን ያንሰዋል። ስለዚህ ክብደት በቁመት መዳኘት አለበት። ይህንኑ የክብደትና የቁመት ንጽጽር የጤና ሠራተኞች «ቢ.ኤም.አይ.» ይሉታል፤ በጤና ጣቢያ ይህን ስም ብትሰሙ እንዳይደንቃችሁ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ክብደት በኪሎ ይያዛል። ቁመት በሜትር ይያዝና በራሱ ይባዛል። ከዚያ በኋላ ክብደቱ በዚህ ብዜት ይካፈላል። የእናቲቱን ሒሳብ እንሥራው፤ ክብደቷ 43 ኪሎ፥ ቁመቷ 1.56 ሜትር ነው። 1.56 በ1.56 ሲባዛ 2.43 ይሆናል። 43 በ2.43 ሲካፈል 17.7 ይመጣል። የእናቲቱ ንጽጽር 17.7 ነው ማለት ነው። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው ባለ 55 ኪሎዎቹም ቢሰሉ የሴትዮዋ 24.4፥ የሰውዬው 18.2 ይሆናል። በሒሳብ የተቸገረ ወላጅ ቢኖር ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁን ይጥራ፤ ማባዛትና ማካፈል የተማረ ልጅ ይህን ለመሥራት አይቸገርም፤ ወላጁን በመርዳቱም ደስ ይለዋል።

ቁመት ለምን በራሱ ይባዛል? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶው እንዲረዝም ከፈለገ ወፈር ያለ እንጨት ይመርጣል እንጂ ቀጭኑን አያቆምም። ሰውም እንዲሁ ነው። ረዥም ሰው ወደ ላይ ብቻ አልረዘመም፤ ትከሻው ይሰፋል፥ አጥንቱም ይወፍራል። ስለዚህ ክብደቱ ከቁመቱ ፈጥኖ ይጨምራል። ይህን በብዙ ሰዎች መለኪያ ላይ አይቶ የጻፈው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ ነበር። ኬትሌ ሐኪም አልነበረም፤ የከዋክብትና የሒሳብ ሊቅ ነበረ። ስሌቱን ዛሬ በሚጠራበት ስም የጠሩት ደግሞ በ1972 አሜሪካዊው አንሰል ኪስና የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። መለኪያው መጀመሪያ የተሠራው ብዙ ሕዝብን ለማጥናት እንጂ በአንድ ሰው ላይ ለመፍረድ አልነበረም፤ ወደ ኋላ እንደምናየው አንዳንድ ጊዜ የሚያታልለውም ስለዚህ ነው።

ለአዋቂዎች የሚሆነው ልክ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያወጣው ልክ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ከ18.5 እስከ 25 ያለው ደኅነኛ ነው። ከ18.5 በታች የሆነ ሰው ከስቷል፤ ከ17 በታች ሲወርድ ነገሩ ይብሳል፥ ከ16 በታች የሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ከ25 በላይ ክብደት ተርፏል፥ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው።

ለማስላት ጊዜ ያጣ ሰው ይህን ይመልከት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ አዋቂ ከ42 እስከ 56 ኪሎ፥ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ከ48 እስከ 63፥ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ከ54 እስከ 72፥ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢመዝን ክብደቱ ለቁመቱ ተስማሚ ነው። የእኛዋ እናት በ1.56 ሜትር ቁመቷ ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን ይገባት ነበር። የጎደላት ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ሁለት ኪሎ በዐይን አይታይም፤ በቀሚስና በነጠላ ውስጥማ ከቶ አይታይም።

እሷ ብቻዋን አይደለችም። በ2008 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016) በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከመቶው 22ቱ ከ18.5 በታች ሆነው ተገኝተዋል። በዚያው ጥናት ከወንዶቹ ከመቶው 33ቱ እንደዚሁ ነበሩ። ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች ደግሞ ከመቶው 8 ነበሩ፤ ይህም ከገጠር ይልቅ በከተማ የበዛ ነበር።

አለካክ

ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ አለካኩ የተበላሸ እንደሆነ ውጤቱ ከንቱ ነው። ሚዛን በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ይገኛል። የወፍጮ ቤት ሚዛንም ለመጀመሪያ ግምት ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም እህል ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁበት እንደምናየው የሚያጋድል ሚዛን አለና አስቀድሞ ያልተፈታ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጭኖ መፈተን ደግ ነው። ሰው ሲመዘን ጫማውን ያወልቅ፥ ጋቢውንና ነጠላውን ያስቀምጥ፥ በኪስና በመቀነት ያለውንም ነገር ያውጣ። ከተቻለ ጧት ቁርስ ሳይበላ ቢሆን ይመረጣል።

ለቁመት ቀጥ ያለ ግድግዳ ፈልጉ። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ጠፍጣፋ ሳንቃ አንጥፉበት። የሚለካው ሰው ባዶ እግሩን ቆሞ ተረከዙን፥ መቀመጫውንና ትከሻውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋ፤ አገጩን ሳያነሣ ሳይደፋ ፊት ለፊት ይመልከት። ሌላ ሰው ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም መጽሐፍ በአናቱ ላይ አጋድሞ ከግድግዳው ጋር ያገናኝና በከሰል ምልክት ያድርግ። ከዚያ ከመሬት እስከ ምልክቱ በሜትር ይለካል። በክንድና በስንዝር መለካት አይሆንም፤ የባልና የሚስት ክንድ እኩል አይደለምና። ልብስ ሰፊ ዘንድ ያለው ሜትር ይበቃል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ጣውላው በጸጉሯ ላይ ሳይሆን በራስ ቅሏ ላይ እንዲያርፍ ጸጉሩን ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል። የዚህች እናት ቁመት በሹሩባው ምክንያት 1.58 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ 17.7 የነበረው 17.2 ይሆን ነበር።

ለወጣት ልጆች ዕድሜም ይጨመራል

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ክብደቷ 36 ኪሎ፥ ቁመቷ 1.50 ሜትር ነው። ሲሰላ 16 ይመጣል። የእናቷ 17.7 ሆኖ ከስታለች ካልን፥ 16 የሆነችው ልጅ እንዴት ደኅና ናት ትባላለች? ብዙ ወላጆችን፥ እንዲያውም አንዳንድ የተማሩትን ሳይቀር የሚያሳስተው ይህ ነው። የአዋቂዎች ልክ ለልጆች አይሠራም። ልጅ ገና በመሠራት ላይ ያለ ቤት ነው፤ ማገሩ ቆሞ ጭቃው ያልተመረገበት ጊዜ አለ። ከዐሥር ዓመት ጀምሮ ባለው ጊዜ ልጆች መጀመሪያ ይረዝማሉ፥ ሥጋው ቀስ ብሎ በኋላ ይከተላል። ሴቶች ልጆች ከወንዶች ቀድመው ይመዘዛሉ፤ ወንዶቹ ዘግይተው ይጀምሩና ያልፏቸዋል።

ስለዚህ ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት የሚሠራው ስሌት ያው ሆኖ ውጤቱ የሚነጻጸረው በእኩዮቻቸው ነው፤ ለሴትና ለወንድም ለየብቻ ሠንጠረዥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት ደኅነኛው ልክ ለ12 ዓመት ሴት ልጅ ከ14.4 እስከ 20.8፥ ለ15 ዓመት ከ15.9 እስከ 23.5፥ ለ18 ዓመት ከ16.4 እስከ 24.8 ነው። ለወንድ ልጅ በ12 ዓመቱ ከ14.5 እስከ 19.9፥ በ15 ዓመቱ ከ16 እስከ 22.7፥ በ18 ዓመቱ ከ17.3 እስከ 24.9 ይሆናል። የእኛዋ ልጅ በ13 ዓመቷ ከስታለች የምትባለው ከ14.9 በታች ብትሆን ነበር። 16 ናትና ቀጭን ልጅ ናት እንጂ የታመመች ልጅ አይደለችም።

ስሕተቱ በሌላም በኩል ይመጣል። የ12 ዓመት ልጅ 24 ብትሆን በአዋቂ ልክ ሲታይ ደኅና ትመስላለች፤ ለዕድሜዋ ግን ክብደቷ ከልክ አልፏል።

ለዚህ ሁሉ የልጁ ዕድሜ በትክክል መታወቅ አለበት። «የመስቀል ለት የተወለደች ናት፥ ታላቅየው ክርስትና በተነሣ በሦስተኛው ዓመት» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህም ቢሆን አይናቅም፤ ተቀምጦ ቢሰላ ዓመተ ምሕረቱ ይገኛል። ግን ልጅ በተወለደ ጊዜ ማስመዝገብ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

በዚህ ዕድሜ ያሉትን ልጆች በሰውነታቸው መቀለድ አይገባም። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ ዳሌዋና ጡቷ መሙላቱ ተፈጥሮ ነው፤ «ወፈርሽ» ተብላ ከምግብ እንድትሸሽ መደረግ የለባትም። ከልክ በላይ የከሳች ልጅ ደግሞ የወር አበባዋ ሊዘገይ ይችላል። ገና በማደግ ላይ ሳለች ብታረግዝ ለራሷ አጥንትና ሥጋ የሚያስፈልጋትን ምግብ ከጽንሱ ጋር ትሻማለች። ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን መከልከሉ ለዚህም ጭምር ይበጃል።

ንጽጽሩ የሚያታልልበት ጊዜ

እርጉዝ ሴት በዚህ ንጽጽር አትለካም፤ በሚዛኑ ላይ የቆመችው ብቻዋን አይደለችምና። ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት የጤና ሠራተኛ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ በመለኪያ ይለካል፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ እንደሆነ እናቲቱ ተጨማሪ ምግብና ክትትል ያስፈልጋታል።

እግሩ ወይም ፊቱ ያበጠ ሰውም በሚዛን አይታመንም። እብጠቱ ውኃ ነው፤ ውኃው ክብደቱን ከፍ ስለሚያደርገው የከሳው ሰው ደኅና መስሎ ይታያል። የእግሩን እብጠት በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ሒሳቡን ትታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሸክም የለመደ ጠንካራ ሰው ደግሞ ክብደቱ ጡንቻ እንጂ ስብ ሳይሆን ከ25 ሊያልፍ ይችላል። እግረ ረዣዥም የሆኑ አርብቶ አደሮች ሳይራቡ ንጽጽራቸው ዝቅ ይላል፤ ጀርባቸው የጎበጠ አረጋውያን ቁመታቸው ስለሚያጥር ከፍ ይላል። የደም ማነስና የእንቅርት በሽታም በዚህ ስሌት አይታዩም።

ወቅቱም መታሰብ አለበት። ገበሬ ቤት በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ሁሉም ይከሳል፥ በጥር አዲሱ እህል ከገባ በኋላ መልሶ ይሞላል። ስለዚህ የነሐሴውን ክብደት ከጥሩ ጋር አስተያይቶ «በሽታ ገባ» ወይም «ተሻለው» ማለት ሊያሳስት ይችላል።

የከሳ ሰው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ የመክሳቱ ምክንያት ይፈለግ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል፥ ማታ ማታ የሚያልበውና የሚከሳ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት። ውኃ ጥም የማይለቀው፥ ሽንቱ የበዛና እየበላ የሚከሳ ሰው ስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ንጽጽሩ ገና 22 ወይም 23 ቢሆንም እንኳ ሳያስበው በስድስት ወር ውስጥ ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ የጎደለበት ሰው መመርመር ይገባዋል።

ከዚህም በቀር የቤት ንጽሕና አለ። ተቅማጥና የሆድ ትላትል ባሉበት ቤት ምግብ ቢጨመርም ሰውነት አይጠቀምበትም፤ ቀዳዳ እንስራ ውኃ ቢሞሉት መች ይሞላል? መጸዳጃ ቤት ተቆፍሮ ቢሠራ፥ ውኃ ተፈልቶ ቢጠጣ፥ ከመጸዳጃ መልስና እንጀራ ከመጋገር በፊት እጅ በሳሙና ቢታጠብ ክብደት ለመጨመር ከምግቡ ያላነሰ ይረዳል። ባዶ እግራቸውን እርሻ የሚውሉ ሰዎች በእግር ቆዳ የሚገባ መንጠቆ ትል ስላለ ጫማ ያድርጉ።

የእኛዋ እናት ግን አታስልም፥ ተቅማጥም የለባትም። የጤና ሠራተኛዋ «እርስዎ መቼ ነው የሚበሉት?» ብላ ስትጠይቃት፥ «እነሱ ከበሉ በኋላ ነዋ፤ የተረፈውን እቀምሳለሁ» አለች። እንጨት ለቀማውም፥ ውኃ መቅዳቱም፥ ወፍጮ ቤት መሄዱም የእሷ ነው። ለባል፥ ለእንግዳና ለልጆች ወጡ ይቀርባል፤ ለእሷ የሚደርሳት በድስቱ ዙሪያ የቀረው ነው። ይህ ደግነት ነው፥ አንክድም። ነገር ግን የቤቱን ሥራ ሁሉ የሚሸከም ሰው በመጨረሻ መብላቱ ከጥንትም ቢሆን ልክ አልነበረም። ከስታ የምታረግዝ እናት ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ልትወልድ ትችላለች፤ የምታጠባ እናት ደግሞ በቂ ባትበላም ወተቷ ቶሎ አይቋረጥም፤ የሚቀነሰው ከገዛ ሥጋዋ ነው።

መድኃኒቱ ውድ ነገር አይደለም። ከማዕድ አብራ ትቅረብ፤ ይህ ባልየውን የሚመለከት ነገር ነው። በቀን አንድ ጊዜ ይጨመርላት። ሽሮው በዘይት ወይም በቅቤ ይዳብር፤ ጧት የአጃ ገንፎ ወይም ቅንጬ፥ እርሻ ስትሄድ በሶ ወይም የተቆላ ሽምብራና ኑግ ትያዝ። ከጓሮ ጎመንና ዱባ፥ በሚበላበት ቀን እንቁላልና ወተት ይጨመር። እንቁላሉ ሁሉ ለገበያ የሚወጣ ከሆነ በሳምንት ሦስት አራቱ ለቤት ይቅር። እርጉዝ ሴት በቀን አንድ ጊዜ፥ የምታጠባ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ስለ ጾም ክርስቲያኗ ከንስሐ አባቷ፥ እስላሟም የሃይማኖት አዋቂ ጠይቃ ትወስን፤ እርጉዝና አጥቢ እናት፥ ሕመምተኛም ፈቃድ እንዲያገኙ መንገድ አለ።

ከ25 በላይ የሆነ ሰው

ይህ በገጠር ብዙ ባይሆንም ወደ ከተማ የገባ፥ ቁጭ ብሎ የሚውልና ጣፋጭ መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ቶሎ ይደርስበታል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በዚህ ሰው ላይ ይበዛሉ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይመርመር። ስኳር፥ ዘይትና መጠጥ ይቀንስ፥ በእግሩ ይሂድ። በተለይ ሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ አደገኛ ነው። ይህንንም ያለ ሜትር በገመድ መለካት ይቻላል። በቁመታችሁ ልክ ገመድ ቁረጡና ለሁለት አጥፉት፤ የታጠፈው ገመድ ወገባችሁን ዞሮ ካልገጠመ ሆዳችሁ ከልክ አልፏል።

የጤና ሠራተኛዋ ለእናቲቱ በወረቀት ላይ ቀኑን፥ 43 ኪሎ የሚለውንና 45 የሚለውን ጽፋ ሰጠቻት፤ ልጅቷም ለእናቷ አነበበችላት። በወሩ በዚያው ሚዛን፥ በዚያው ዐይነት ልብስ ተመልሳ ትመዘናለች። አንድ ኪሎ ከጨመረች መንገዱ ቀንቷል፤ እየበላች ምንም ካልጨመረች ወይም ከቀነሰች አክታዋና ደሟ ይመረመራል።